ቤቱ ይንደድ፣ ወደቡ ይትረፍ

ከአይስላንድ ደቡባዊ ጠረፍ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የቬስትማን ደሴቶች ተበትነው ይገኛሉ። ሰው የሰፈረባት አንዲቱ ብቻ ናት፤ ሄይማይ ትባላለች። ማልዶ የተነሣ እግረኛ ሳይመሽበት ዳር እስከ ዳር ያዳርሳታል። ወንዝ የላትም፣ ይህ ነው የሚባል ምንጭም የላትም፣ ነፋሱ ዛፍ አያስበቅልም። ያላት ነገር በስተሰሜን በረጃጅም ገደሎች የተከለለ አንድ ወደብ ነው። የአይስላንድ ደቡባዊ ጠረፍ አብዛኛው ጥቁር አሸዋ ስለሆነ፣ በዚያ አቅጣጫ ለዓሣ አጥማጅ የሚሆን እንዲህ ያለ መጠለያ ከሄይማይ ሌላ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ሰው ወደ ደሴቲቱ የመጣው ለመሬቷ ብሎ አይደለም። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ኋላ የሚመጣውን ነገር የሚፈታው ይኸው ነው።

የደሴቲቱ የመጀመሪያ ትልቅ መርዶ በባሕር መጣ። በጁላይ 1627 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአልጀርስ የተነሡ ሦስት የባሕር ወንበዴ መርከቦች ወደ ደሴቲቱ ቀረቡ። ሰዎቹ ወደቡን ትተው ማንም ባልጠበቀው ጠረፍ ወረዱና ሰፈሩን ከጀርባው ያዙት። ከ30 በላይ ሰው ገድለው፣ ወደ 240 የሚሆነውን ማርከው ሄዱ። ከምርኮኞቹ አንዱ ካህኑ ኦላፉር ኤጊልሶን ነበር። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረችና መርከቡ ላይ ወለደች። አልጀርስ ሲደርሱ ወንበዴዎቹ ካህኑን ከቤተሰቡ ለይተው፣ ከዴንማርክ ንጉሥ ቤዛ ለምኖ እንዲያመጣ ላኩት፤ አይስላንድ ያኔ በዴንማርክ ሥር ነበረች። ንጉሡ ግን በጦርነት ካዝናው ተራቁቶ ነበር። ኦላፉር በ1628 ባዶ እጁን ደሴቱ ገባ፤ ያየውንም በጽሑፍ አስቀመጠ። ከዓመታት በኋላ ገንዘብ ተዋጥቶ በቤዛ ከተመለሱት ጥቂቶች መካከል ጉድሪዱር ሲሞናርዶቲር አንዷ ናት። ይህች የዓሣ አጥማጅ ሚስት ኋላ የአገሪቱን ስመ ጥር የመዝሙር ደራሲ ሃልግሪሙር ፔተርሶንን አገባች። ሄይማዮች ዛሬም ስሟን ሲጠሩ የሰፈር ሰው እንደሚጠራ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት መቶ ዓመታት የድህነትና የሞት ናቸው። ከሁሉ የከፋው የሕፃናቱ ዕጣ ነበር። በመንጋጋ ቆልፍ፣ ከአሥር አራስ ከስድስት የሚበልጠው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይሞት ነበር። ሕዝቡ የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ ተቀብሎታል። በ1847 ፔተር ሽሌይስነር የሚባል ዴንማርካዊ ሐኪም መጣና የማዋለጃ ቤት አቋቋመ፤ እናቶች እዚያ እንዲወልዱ፣ እትብት በንጽሕና እንዲያዝና መድኃኒት እንዲቀባ አደረገ። ጀርም የሚባል ነገር ገና በቅጡ ባልታወቀበት ዘመን ሞቱ በአጭር ጊዜ እጅግ ቀነሰ። ለእኔ ከወንበዴዎቹም ከእሳተ ገሞራውም ይልቅ የከተማዋን ሕይወት የለወጠው ይህ ነው። ሐኪም ከወንበዴ ያነሰ ወሬ ይዞ ስለሚያልፍ ነው መሰለኝ ብዙ አይነገርለትም።

በ1874 አይስላንድ የተመሠረተችበትን 1,000ኛ ዓመት ስታከብር የደሴቲቱ ሰዎች ወደ ዋናው ምድር ሊሻገሩ አስበው ነበር። ባሕሩ አላሳልፍ አለ። እነሱም ሄርዮልፍስዳሉር በሚባለው ሸለቆ ድንኳን ተክለው የራሳቸውን በዓል አደረጉ። ባሕር ስለዘጋባቸው የጀመሩት ያ በዓል በኋላ የየዓመቱ ሆነ፤ ዛሬም ኦገስት ሲገባ ቤተሰቡ ሁሉ ነጭ ድንኳን ተክሎ ይሰነብትበታል፣ ከዋናው ምድርም በሺዎች የሚቆጠር እንግዳ ይመጣበታል።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ በመቅዘፊያ ጀልባ ፈንታ ባለ ሞተር ጀልባ መጣ፤ የዓሣ ፋብሪካዎች ተከፈቱ፤ ሰፈሩ ከተማ ሆነ። ባሕሩ ግን ግብሩን አልተወም። የነዋሪዎቹ የነፍስ አድን ማኅበር በ1920 ቶር የተባለች መርከብ ገዛ፤ እሷም በ1926 ለመንግሥት ተላልፋ የአይስላንድ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የመጀመሪያ መርከብ ሆነች። አንዲት ትንሽ ከተማ ለራሷ ብላ የጀመረችው ሥራ የአገር ተቋም መነሻ ሆነ ማለት ነው። ፖለቲካውም አልቀረም፤ እያንዳንዱ ፓርቲ በዚያች ትንሽ ከተማ የየራሱ ጋዜጣ ነበረው፣ ስለ ወደቡ መጠገኛ ገንዘብ ሲነታረኩም ይኖሩ ነበር። የሚጠጣው ውኃ ግን እስከ 1968 ድረስ ከጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውኃ ነበር፤ በዚያ ዓመት ነው ከዋናው ምድር በባሕር ሥር ቱቦ የተዘረጋው።

እሳቱ ሳይመጣ አስቀድሞ ጎረቤት ሆኖ ታይቷል። ኖቬምበር 14 ቀን 1963 ማለዳ ከሄይማይ በስተደቡብ ምዕራብ ዓሣ በማጥመድ ላይ የነበረች ጀልባ ሠራተኞች ከባሕሩ ጥቁር ጭስ ሲወጣ አዩ፤ የምትቃጠል መርከብ መስሏቸውም ቀረቡ። ከባሕር ወለል የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነበር። እስከ 1967 ሲተፋ ቆይቶ ሱርትሴይ የምትባል አዲስ ደሴት ፈጠረ። የሄይማይ ልጆች ያደጉት ይህን በመስኮት እያዩ ነው። በራሳቸው ምድር ላይ ያለው ሄልጋፌል የተባለው ተራራ ግን ለሺህ ዓመታት ዝም ያለ ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም።

ጃንዋሪ 22 ቀን 1973 ዋለ። በእኛ ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የጥምቀት ሰሞን። ያን ቀን በደሴቲቱ ላይ ብርቱ ማዕበል ስለነበር ከ60 በላይ ጀልባዎች ባሕር ሳይወጡ ወደብ ውስጥ ዋሉ። አመሻሹ ላይ ነፋሱ በረደ። ምድሪቱ በስሱ መንቀጥቀጥ ጀምራ ነበር፤ ዋናው ምድር ላይ የነበሩት ጥቂት መሣሪያዎችም መዝግበውታል፣ ግን ቦታውን ለይቶ ለመናገር አልበቁም። ከተማዋ ተኛች።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ተተረተረ። ስንጥቁ ከ1,500 ሜትር ይበልጣል፤ ከደሴቲቱ አንድ ጠረፍ እስከ ሌላው ሊደርስ ምንም አልቀረው። እሳቱ ከዳር እስከ ዳር እንደ መጋረጃ ቆመ። ከመሐል ከተማ ቢርቅ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዳር ቤቶቹ ደግሞ የጓሮ ያህል ነበር። የእሳት አደጋ መኪኖች እየጮኹ በየመንገዱ ዞሩ። ያልሰማ ካለ ጎረቤቱ በር እየደበደበ ቀሰቀሰው። ሰው የሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ፣ ልጅ አዝሎ፣ የፎቶ አልበም ወይም አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ ወጣ። ወዴት ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ወደቡ ወረደ።

ጀልባዎቹ በማዕበሉ ምክንያት እዚያው ነበሩ። ይህን አጋጣሚ የደሴቱ ሰው እስከ ዛሬ ደጋግሞ ያነሣዋል፤ አየሩ ያን ቀን መልካም ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ጀልባ ባሕር ላይ ያድር ነበር። ካፒቴኖቹ ማን የማን ቤተሰብ ነው ሳይሉ የመጣውን ሁሉ ጫኑ። ማዕበሉ ፈጽሞ ስላልረገበ መንገዱ ለአብዛኛው ሰው የማስታወክና የመንቀጥቀጥ መንገድ ነበር፤ ከሰዓታት በኋላ ዋናው ምድር ላይ ቶርላክስሆፍን ወደብ ሲደርሱ አውቶቡሶች ቆመው ጠበቋቸው። ሽማግሌዎችና የሆስፒታል ሕሙማን በአውሮፕላን ተወሰዱ። 5,300 ከሚሆነው ነዋሪ ሥራ ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ሰዎች በቀር ሁሉም በስድስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ወጣ። በዚያ ሌሊት አንድም ሰው አልሞተም።

ስለ ሥርዓታቸው ብዙ ተጽፏል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ዋናው ነገር መተዋወቃቸው ነው። በር የሚያንኳኳው ሰው በሩ ውስጥ ስንት ነፍስ እንዳለ ያውቃል፤ ካፒቴኑም ማን እንደጎደለ ለማወቅ መዝገብ አይሻም። ከወጡ በኋላ ነው ይህ የተበተነው። በሬይክያቪክና በአካባቢው በዘመድ ቤት፣ በተከራዩት ክፍል፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ ተጠለሉ። ከእነዚያ ወራት ሲነገር የምንሰማው ናፍቆት የቤት ብቻ አይደለም፤ በገበያ መንገድ ላይ የሚያውቁትን ፊት የማጣት ጭምር ነው። በዋና ከተማው ሰው ሰላም አይላቸውም ነበር። መንግሥት ሕግ አውጥቶ የእርዳታ ገንዘብ አቋቋመ፤ ለዚያም የሽያጭ ግብር ጨመረ። የኖርዲክ አገሮች ገንዘብና ተገጣጣሚ ቤቶች ሰጡ፤ በበጋው ብዙ መቶ የደሴቲቱ ልጆች ኖርዌይ ተጋብዘው ሰነበቱ።

ደሴቱ ላይ የቀሩት ሰዎች ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነፋሱ አመዱን ወደ ባሕር ሲወስድ ቆይቶ ኋላ ወደ ከተማዋ ዞረ። ጥቁር አመድና የጋለ ድንጋይ ቤቶቹ ላይ ዘነበ። ጣሪያዎች ከክብደት የተነሣ ተደረመሱ፤ መስኮት ሰብሮ የገባ ፍም ቤት አቃጠለ። ሰዎቹ ቆርቆሮ ይዘው በየመስኮቱ በምስማር መቱ፤ ጣሪያ ላይ ወጥተውም አመድ በአካፋ ዛቁ። መርዛማ ጋዝ ምድር ቤቶች ውስጥ ይጠራቀም ስለነበር፣ አንድ ሰው እንዲህ ባለ ቤት ገብቶ ሞቷል፤ የዚያ ሁሉ ወራት ብቸኛ ሟች እሱ ነው። የመቃብር ስፍራው በአመድ ተዋጠ፤ ከላይ የቀረው ስለ ሕይወት የሚናገር ቃል የተጻፈበት የበሩ ቅስት ብቻ ነበር። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞሯል።

ከአመዱ የባሰው ላቫው ነበር። ኤልድፌል የሚል ስም ካወጡለት አዲስ ተራራ ሥር እየወጣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ወደቡ አፍ ያመራ ጀመር። ያ አፍ ከተዘጋ ነገሩ አለቀ። የተቃጠለ ቤት ይሠራል፤ የተዘጋ ወደብ ግን አይከፈትም፣ ወደብ ከሌለም የሚመለስ ሰው አይኖርም። ቶርብዮርን ሲጉርጌርሶን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በዚህ ጊዜ ውኃ እንርጭበት አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የላቫው ግንባር በውኃ ከቀዘቀዘ ይጠነክራል፤ ከኋላ የሚመጣው ደግሞ በዚያ ግድግዳ ታግዶ ወደ ላይ ይወፍራል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በጥቂት የእሳት አደጋ ፓምፖች ሲጀምሩ ብዙ ሰው ሳቀ። 1,000 ዲግሪ የሚያልፍ የድንጋይ ወንዝ ላይ በጎማ ውኃ መርጨት ያስቃል፤ እኔም ብሆን የምስቅ ይመስለኛል። ግን የተረጨበት ቦታ ዘገየ።

በፌብሩዋሪ ሦስተኛ ሳምንት አንድ ሌላ ጉድ መጣ። የተራራው ግማሽ ጎን ተገምሶ፣ 2 ሚሊዮን ቶን የሚገመት ኮረብታ ሆኖ ላቫው ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ወደቡ መጓዝ ጀመረ። ሠራተኞቹ «ተንከራታቹ» የሚል ስም አወጡለት። ውኃውን ሁሉ እሱ ላይ አዞሩ፤ ከወደቡ አፍ መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው ተሰባብሮ ቆመ። በማርች መጀመሪያ ሳንዴይ የምትባል መርከብ መጣች፤ በሴኮንድ 400 ሊትር የባሕር ውኃ ታወጣ ነበር። በወሩ መጨረሻ ትላልቅ ፓምፖች ከአሜሪካ በአውሮፕላን ደረሱና መጠኑ በሴኮንድ ከ1,000 ሊትር በላይ ሆነ። ቡልዶዘር ገና በሚንቀሳቀሰው ላቫ ላይ መንገድ ያወጣል፤ ከኋላው ሰዎች የፕላስቲክ ቱቦ ይዘረጋሉ። ቱቦው ውስጥ ውኃ እስከሄደ ድረስ አይቀልጥም፤ ውኃው ከተቋረጠ ግን አለቀለት። እንፋሎቱ ዓይን ስለሚጋርድ ሰዎቹ የሚረግጡትን የሚያውቁት በጫማቸው ሙቀት ነበር።

መከላከሉ በሁሉም በኩል አልያዘም። ኃይሉ ሁሉ ወደ ወደቡ ሲዞር፣ በማርች ሁለተኛ አጋማሽ ላቫው ወደ ከተማዋ ምሥራቃዊ ሰፈር ገባ። በጥቂት ቀናት ወደ 200 ቤት፣ የኤሌክትሪክ ጣቢያው፣ የመዋኛው ገንዳ፣ ከዓሣ ፋብሪካዎቹም ጥቂቶቹ ተዋጡ። እዚህ ላይ ነው ከባዱ ነገር። ፓምፑን ከሚገፉት ሰዎች መካከል ቤታቸው እዚያ ሰፈር የነበረ ሰዎች ነበሩ። ወደቡን ትቶ ሰፈሩን ማዳን ይቻል ነበር ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። የሄይማይ ሰው የሚሰጠው መልስ ግን የአጥማጅ መልስ ነው፦ ያለ ወደብ ያ ሰፈር ለማን ይተርፋል?

ጁላይ 3 ቀን 1973 ፍንዳታው ማብቃቱ ተነገረ። 6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያልፍ የባሕር ውኃ ተረጭቷል። 400 ያህል ቤት ጠፍቷል፤ የከተማዋ ሲሶ ማለት ነው። ደሴቲቱ ከ2 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ አዲስ መሬት አግኝታለች። ወደቡ ደግሞ ከመትረፍም አልፎ ተሻሻለ፤ ላቫው በስተምሥራቅ ግድብ ሆኖ ቆመና ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣውን ማዕበል መለሰ፤ የከተማዋ ሰዎች ለዓመታት በበጀት ሲነታረኩበት የኖሩትን ሥራ እሳቱ በነጻ ሠራው። ውኃው ነው ወይስ የላቫው ራሱ መድከም ወደቡን ያዳነው የሚለው ክርክር በሊቃውንቱ መካከል አለ። ከተማዋ ውስጥ ግን አይደረግም።

በዚያው ዓመት ኦገስት፣ ሸለቋቸው በአመድ ስለተሞላ፣ በዓላቸውን በደሴቲቱ ሌላ ቦታ አከበሩ። ቤት ያልነበራቸው ሰዎች ድንኳን ተከሉ። ከዚያ ጠረጋው ተጀመረ፤ ከመንገድና ከግቢ ከ1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አመድ ተዝቆ ለአውሮፕላን ማረፊያው መንደርደሪያና ለአዲስ ሰፈር መደልደያ ሆነ። እስከ 1975 ከነዋሪው አብዛኛው ተመልሷል። ያልተመለሱም ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ በዋናው ምድር ሥራ ይዞ፣ አንዳንዱ የአያቱ ቤት ከ40 ሜትር ድንጋይ ሥር መሆኑን እያሰበ መኖር አልሆንልህ ብሎት ቀረ። በተመላሽና በቀሪ መካከል የነበረው ቅሬታ ለመብረድ ጊዜ ወስዷል። የፓርቲ ያልሆነ የከተማ ጋዜጣ የተጀመረውም በዚህ ጊዜ፣ በ1974 ነው፤ ማን ተመለሰ፣ የማን ጀልባ ስንት ቶን አወጣ፣ የትኛው መንገድ ተጠረገ የሚል ወሬ ፈላጊው ብዙ ነበር።

ላቫው ከበረደ በኋላም አገልግሏል፤ በትክክል ለመናገር ገና ሳይበርድ። ውኃ ላዩ ላይ ይረጩና ሰርጎ በእንፋሎት ሲመለስ፣ በቱቦ የሚዞረውን ሌላ ውኃ እንዲያሞቅ አደረጉ። የመጀመሪያው ቤት በ1974 እንዲህ ሞቀ፤ ኋላ የከተማዋ አብዛኛው ቤት በዚያ ላቫ ይሞቅ ነበር፣ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ። ይህን ሳነብ አፋር ትዝ ይለኛል። ምድር ተሰንጥቆ ሲለያይ በየብስ ላይ በጉልህ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ አይስላንድ፣ ሌላው የእኛው አፋር ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌ ላይ መሬቱ ሲናወጥ ከቀዬው የተነሣው ሕዝብ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ይረዳዋል።

ባሕሩ በበኩሉ እንደ ወትሮው ቀጠለ። በማርች 1984 አንድ ሌሊት ከደሴቲቱ በስተምሥራቅ አንዲት ጀልባ መረቧ የባሕር ወለል ይዞባት ተገለበጠች። ከአምስቱ ሠራተኞች አራቱ ሞቱ። አንድ የ22 ዓመት ወጣት 5 ወይም 6 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ወደ ስድስት ሰዓት ያህል ዋኝቶ ደሴቱ ደረሰ፤ ከዚያም በባዶ እግሩ ስለታማ ላቫ ላይ ተራምዶ፣ በመንገዱ ባገኘው የበጎች ማጠጫ ገንዳ ላይ የተጋገረውን በረዶ በእጁ ሰብሮ ጠጥቶ የሰው በር አንኳኳ። ሐኪሞች ምሥጢሩን ለማወቅ ለንደን ድረስ ወስደው መርምረውታል። ሄይማዮች ግን በየዓመቱ በማርች ወር እየተሰበሰቡ በከተማው መዋኛ 6 ኪሎ ሜትር ይዋኛሉ፤ ለእሱም ላልተመለሱት አራቱም።

የከተማዋ የዘወትር ወሬ ከዚህ ሁሉ ቀለል ያለ ነው። ኦገስት ሲያልቅ በገደሉ ላይ በጉድጓድ የሚፈለፈሉት ፓፊን የተባለው የባሕር ወፍ ጫጩቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሩ የጨረቃ ብርሃን ተከትለው ወደ ባሕር መሄድ ሲገባቸው፣ በከተማው መብራት ተታልለው መንገድ ላይ ይወድቃሉ። በዚያ ሰሞን ልጆች ካርቶን ይዘው እስከ እኩለ ሌሊት እንዲዞሩ ይፈቀድላቸዋል። የያዙትን አሳድረው፣ አስመዝነው፣ ጠዋት ከገደል ጫፍ ወደ ባሕር ይወረውሩታል። ከ2003 ወዲህ ወፎቹ የሚመገቡት ትንሽ ዓሣ ስለሳሳ ጫጩት የሚጠፋባቸው ዓመታት ነበሩ። በዚያ ጊዜ ልጆቹ ባዶ ካርቶን ይዘው ሲመለሱ የጋዜጣ ወሬ ሆኗል።

ሌላው የማያልቅ ወሬ ሰውን ወደ ዋናው ምድር የሚያመላልሰው መርከብ ነው። በ2010 ከደሴቲቱ ትይዩ በዋናው ምድር አሸዋማ ጠረፍ ላይ ላንድኤያሆፍን የሚባል ወደብ ተከፍቶ፣ ሦስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ 40 ደቂቃ ወረደ። በዚያው ዓመት ሌላ እሳተ ገሞራ፣ ኤያፍያላዩክል፣ በወንዞቹ አመድና ደለል ወደ ጠረፉ ላከ፤ አሸዋውም ወደቡን እየደፈነ ያስቸግር ጀመር። በ2019 በኤሌክትሪክም የምትሄድ አዲስ መርከብ መጣች። ቢሆንም ማዕበል ሲነሣ ወይም አሸዋ ሲሞላ መርከቧ በረጅሙ መንገድ ወደ ቶርላክስሆፍን ትዞራለች። ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኝ ዋሻ በባሕር ሥር ይቆፈርልን የሚሉ አሉ፤ ወጪውን ሲሰሙ አሸዋውን መዛቅ ይሻላል የሚሉም አሉ። ክርክሩ በምክር ቤቱም በዳቦ ቤቱም እንደቀጠለ ነው።